ቀጭን ውኃን ያሳየሁ እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ ሳታውቅ አፈር ገባች። ለነፍስ አባቴም ትንንሹን እየለቀምሁ ስናዘዝ ይህን እየዘለልሁ ኖሬአለሁ። እኔ ራሴ ቄስ ነኝ። የሰው ኃጢአት ስሰማ፣ ቀኖና ስሰጥ፣ በመስቀሌ ስባርክ ዕድሜዬ አለቀ። እንግዲህ ይህን የምታነብ ሆይ፣ ቄስ ባትሆንም ዛሬ አንተ ስማኝ።

ቀጭን ውኃ የምትባለውን መንደር አታውቃትም። አንኮበር ከሚኖሩት እንኳ ብዙዎቹ አያውቋትም ነበር። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ከሚወርደው መንገድ ወደ ግራ ታጥፈህ፣ ገደሉን ተጠግተህ ካልወረድህ በቀር አትታይም። አሥራ አንድ ቤት፣ አንዲት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ ከላይ የገብስ ማሳ፣ ከታች ማሽላ፤ ይኸው ነበረች። ጣሊያን አንኮበር ላይ ምሽግ ከሠራ በኋላ ወታደሮቹ በላይኛው መንገድ ስንት ጊዜ አለፉ። እኛ እሳታችንን አዳፍነን፣ ውሾቻችንን አስረን እንቀመጣለን፤ እነሱም ሳያዩን ያልፋሉ። የሌላው ሰው አዝመራ ሲቃጠል የእኛ ለጎተራ የበቃው ስላልታወቅን ብቻ ነው።

በመንደሯ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ጋሽ ተክሌ ነበሩ። አርበኞቹ ከጫካ ሲወርዱ የሚያበሏቸው እሳቸው ናቸው፤ ለስንቅ የሚሆነው ገብስ የተቀበረበት ጉድጓድም በእሳቸው አውድማ ዳር ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት የሞላኝ ዲያቆን ነኝ፤ ከእነዋሪ በኩል ለትምህርት መጥቼ እዚያው የቀረሁ። መንደሩ አብልቶኛል። ጋሽ ተክሌም አብልተውኛል፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ቅስና ለመቀበል ማግባት ነበረብኝና ልጃቸውን አስካለን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ላክሁ። ለሽማግሌዎቹ መልስ አልሰጡም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣

«አንተ ልጅ፣ እንጀራችንን ለምነህ ስትበላ ዝም አልንህ፤ አሁን ደግሞ ልጃችንን ለመንህ?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። አስካለም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ወይም የሳቀች መሰለኝ። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ዕድሜ ልኬን ፈልጌ አጥቻለሁ።

በገበያ ቀን ወደ አንኮበር ወጣሁና በቀጥታ ወደ ምሽጉ ሄድሁ። ማንም አልያዘኝም፤ ማንም አልገረፈኝም። በእግሬ ሄድሁ። አስተርጓሚው ያገሬ ሰው ነበር።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ።

«የሽፍቶቹ ስንቅ የት እንዳለ አውቃለሁ» አልሁት።

ሽፍቶች አልሁ። እነዚያን እግራቸውን አጥቤ ያሳደርኋቸውን ሰዎች ሽፍቶች አልኋቸው፤ ጣሊያን እንዲህ እንደሚላቸው ስለማውቅ፣ ደስ እንዲለው። መኮንኑ ካርታ ዘረጋ። ቀጭን ውኃ ካርታው ላይ የለችም።

«እዚህ ጋ ገደል እንጂ መንደር የለም ይልሃል» አለ አስተርጓሚው።

ያኔ መመለስ እችል ነበር። ተሳስቻለሁ ብል በጥፊ መትተው ያባርሩኝ ነበር። እኔ ግን ጣቴን ገደሉ ላይ አሳረፍሁ፤ መኮንኑም በእርሳስ ነጥብ አደረገበት። የሚመጣውን አላወቅሁም ልበል? የሌሎች መንደሮች ጭስ በገደሉ ማዶ ሲወጣ ስንት ቀን ቆሜ አይቻለሁ። አውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገድ መሪ አደረጉኝ። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከባንዶቹ መሃል ወረድሁ። ጋሽ ተክሌ ከአርበኞቹ ጋር ወጥተው ስለነበር አልተገኙም። የቀረውን ሰው አውድማው ላይ ሰበሰቡት። ጉድጓዱን አሳየሁ፤ ገብሱን ዘርግፈው ቤንዚን አርከፈከፉበት። ከዚያ ቤቶቹን ለኮሱ። የጋሽ ተክሌ እናት ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከመደባቸው የሚያነሣቸው አልነበረም። ሲጣሩ ሰማሁ። የልጃቸውን ስም ነበር የሚጠሩት። ብዙም አልቆዩ።

አራት ወንዶች ለይተው አቆሙ። ይህን ጊዜ አስካለ ከሴቶቹ መሃል ትኩር ብላ አየችኝና ጠጋ አለች። ዓይኔን ነው ያወቀችው።

«ዲያቆን፣ አንተ ነህ?» አለችኝ በቀስታ።

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። በግድ ያመጡኝ መስሏት ነበር። አዝናልኝ ነበር። እኔ ግን ወደ አስተርጓሚው ጆሮ ተጠጋሁና፣

«ስንቁን የምታደርሰው ይቺ ናት» አልሁት።

ውሸት ነው። አስካለ ለአርበኛ ጭብጥ ቆሎ ይዛ ሄዳ አታውቅም። እስከዚያች ሰዓት ያደረግሁትን በንዴት ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችል ይሆናል። ይህን ግን ያደረግሁት ረጋ ብዬ፣ አስቤ ነው። ስላወቀችኝ ነው። ጎትተው ከአራቱ ጎን አቆሟት። እናቷ የአስተርጓሚውን ጫማ ይዛ ትለምናለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ተኮሱ። አስካለ እስከ መጨረሻው ወደ እኔ ስታይ ነበር፤ ስሜን ግን አልጠራችም።

በማግሥቱ ገና እንደሰማ ሰው እያለቀስሁ መጣሁ። ስድስቱን ስንቀብር ጥናውን ይዤ በፍትሐታቸው ላይ ያጠንሁ እኔ ነኝ። የአስካለ እናት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አቀፍኋት።

ጋሽ ተክሌ ከጫካ ወረዱ። አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቁት፤ ማን አሳያቸው? መንገዳችንን የሚያውቅ የውጭ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአልዩ አምባ ጨው ጭኖ የሚመጣው አሊ።

«በገበያው ቀን አንኮበር ነበርህ» አሉኝ። «አሊን አይተኸዋል?»

አላየሁትም። «አዎ፣ ከምሽጉ ሲወጣ አየሁት» አልሁ።

አሊ ለለቅሶ መጣ። እንደሚጠረጠር ቢያውቅ ይመጣ ነበር? አህያውን ይዞ፣ ለሐዘንተኛው የሚሆን ጨውና በርበሬ ጭኖ ነው የመጣው። አውድማው ላይ አንበረከኩት።

«ወላሂ፣ ጋሽ ተክሌ፣ እኔ አይደለሁም። ስንት ዘመን ከቤትዎ የበላሁ ሰው ነኝ» አለ።

እኔም ከዚያው ቤት የበላሁ ነኝ፤ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜአለሁ። ጋሽ ተክሌ በገዛ እጃቸው ገደሉት።

ጣሊያን ወጣ። እኔ ቅስና ተቀበልሁ፤ የጋሽ ተክሌም የነፍስ አባት ሆንሁ። የንስሐ ልጅን ምስጢር ማውጣት ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህንንም ከኃጢአቴ ቁጠረው። ጋሽ ተክሌ በሸመገሉ ጊዜ ታመው አስጠሩኝ።

«መምሬ፣ አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል» አሉኝ። «አሊ ሲምል ፊቱ የውሸታም ፊት አልነበረም። ንጹሕ ሰው ገድዬ ይሆን? እርስዎ በእርግጥ አይተውት ነበር?»

እውነቱን ብነግራቸው ምን ያደርጉኝ ነበር? ክንዳቸውን ማንሣት የማይችሉ ሽማግሌ ናቸው። የምፈራው ነገር አልነበረም፤ ከክብሬ በቀር።

«አይቼዋለሁ። በሰላም ይረፉ» አልኋቸው።

መስቀሌን ሁለት ጊዜ ሳሙ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

የአሊ ልጅ ዘሃራ አሁንም አልዩ አምባ አለች። በእኛ በኩል ያለ ሰው ከደጇ ቆሞ ውኃ አይጠይቅም፤ ልጆቿን የከዳተኛው ዘር ይሏቸዋል። እኔም ሲሏቸው ሰምቼ አልፌአለሁ። ይህን ወረቀት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅና በእነሱ መስጊድ በር እንዲነበብ አዝዣለሁ፤ አንዱን ግልባጭ ለእሷ ራሴ ይዤላት እወርዳለሁ። የፈለገችውን ታድርገኝ። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። አባቷ ተንበርክኮ ሲምል ዝም ብዬ የቆምሁ ሰው ከልጁ የምለምነው ነገር የለኝም።