ፀጉሩ ያልረገፈ ጎማ

የአዲስ ጎማ ሽታ ለሌላው ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ ለእኔ የሠርግ ሽታ ነው፣ የለቅሶም። ባለፈው ሳምንት አሮጌ መኪናዬን ጎማ ላስቀይር አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ካለ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ፣ ልጁ አራት ጎማ እያንከባለለ አምጥቶ ፊቴ ሲደረድርልኝ፣ ጎንበስ ብዬ ጥርሱን በጣቴ መለካት ጀመርኩ። ልጁ ሳቀብኝ። «ማዘር፣ ጥርሱን ይተዉት፤ ዕድሜውን ነው ማየት ያለብዎት» አለና ጎኑ ላይ የታተሙ አራት ቁጥሮች አሳየኝ፤ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው አሉ። ሳይነዳም ያረጃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አባቱ ሳይወለድ ጀምሮ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ ብዙነሽ በሃያ ዓመቷ የሞተችው በዚያ ምክንያት ነው።

ቤታችን እዚሁ ኮልፌ ነበር፤ ያኔ ኮልፌ ከተማም ገጠርም ያልሆነ፣ በክረምት ጭቃው ጫማ የሚያወልቅ፣ በበጋ ደግሞ ነፋሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያመጣ ጓሮ የሚሞላበት ሰፈር ነው። የጃንሆይ ዘመን እያለቀ ነበር፣ እያለቀ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም። አባዬ የአንድ ጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ሾፌር ሆኖ ኖሮ፣ ሰውዬው ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ቀይ መኪናውን ትቶለት ሄደ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣራዋ ሸራ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቸርኬዋ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠረ የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ ያኔም ቢሆን አሮጊት ነበረች። ጎማዋ አልቆ ስለነበር ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ቆመች፣ ዶሮዎቻችንም ቤታቸውን ትተው ወንበሯ ላይ መፈልፈል ጀመሩ። እማዬ ሁለት ሰው ብቻ ከምትጭን መኪና አህያ ትሻላለች ትል ነበር። አባዬ ግን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮዎቹን አባሮ ይወለውላታል፤ ሐሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙነሽ ስትዳር በዚያች መኪና ነው ከቤቱ የምትወጣው።

ብዙነሽ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እማዬ ጉሊት ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ካልተረጋጋሽ ብላ ትቆነጥጠኛለች፣ ካለቀስኩ ደግሞ አብራኝ ታለቅስና መጨረሻው በሳቅ ያልቃል። ለራሷ ምንም ጠይቃ አታውቅም፤ የምትለብሰው ሁሉ ከእማዬና ከአክስቶቻችን የወረደ ነበር፣ ስትለብሰውም ምን ቸገረኝ ትላለች። ያጫት ታደሰ የአስኮ ልጅ፣ የቴክኒክ መምህር፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነበርና አባዬ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ ሙሽራው ራሱ መንዳት ነበረበት። ሚዜዎቹ የት ሊቀመጡ ነው እያለ ሰፈሩ ለሳምንታት ተሳለቀብን።

የቀረው ጎማ ብቻ ነበር፣ ያን የመሰለ ቀጭንና ቁመተ ረጅም ጎማ ግን ከከተማው ጠፋ። የሰፈራችን ጎሚስታ ጋሽ ሸምሱ፣ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ ያረጁ፣ ጎማን በጥፊ መትተው በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚያውቁ ሰው፣ ሁለት ወር ሙሉ መርካቶን ሲያስሱ ከርመው በመጨረሻ ሁለት ዓይነት ይዘው መጡ። አራቱ አንድ ፈረንጅ የነዳቸው፣ ጥርሳቸው እስከ ግማሽ የተበላ፣ ጎናቸው የተቧጨረ፣ አንደኛው እንዲያውም ቁራጭ የተለጠፈበት ናቸው። የቀሩት አራቱ ከአንድ አሮጌ ጋራዥ ቆጥ ላይ ከነወረቀታቸው የወረዱ፣ መሬት ነክተው የማያውቁ፣ አዲስ ጎማ ላይ ያለው ያ ቀጫጭን የጎማ ፀጉር እንኳ ያልረገፈላቸው ናቸው። ፀጉሩ እንደ ድመት ጢም ይኮረኩራል፤ እየነካሁት ስስቅ ትዝ ይለኛል።

ጋሽ ሸምሱ ሳያመነቱ የተነዱትን መረጡ። ጎማ እንደ እህል ነው፣ ተቀምጦም ይነቅዛል፣ እነዚህ ቆጥ ላይ ስንት ዓመት እንደተኙ ማን ያውቃል አሉ። የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ለሙሽራ ሁሉ ነገር ያልተነካ ነው፤ ቀሚሷ ያልተለበሰ፣ ጫማዋ ያልተረገጠ፣ አንሶላዋ ያልተተኛበት፤ ታዲያ እንዴት ተብሎ ሌላ ሰው የጨረሰው ጎማ ይገጠምላታል? እማዬ «የሰው ትራፊ ለልጄ?» ብላ ፊቷን አዞረች፣ አባዬም አዲሶቹን አለ። ጋሽ ሸምሱ ቅር እያላቸው ገጠሙና አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ነፋስ ከተሞላ በኋላ ሦስት ቀን ይቁም፣ ጎኑ ላይ ክር የምታህል ስንጥቅ ከታየች ጥሩኝ፣ መጥቼ ባገለገሉት እቀይራቸዋለሁ። አባዬ ዳስ ሊያስጥል፣ በሬ ሊገዛ ይሯሯጥ ስለነበር ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ እያየሽ ንገሪኝ» አለኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ያን ቀን ተረቱን ያስታወሰ አልተገኘም።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም፣ በሁለተኛውም። በሦስተኛው፣ በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት፣ የኋላ ግራው ጎማ ጎን ላይ ክር የመሰሉ መስመሮች አየሁ። ጥፍሬን አስገባሁ፣ ገባልኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም ብል ደስ ባለኝ፤ ገብቶኛል። ጋሽ ሸምሱ ያን የተለጠፈበትን ጎማ ይዘው ሲመጡ፣ እማዬ ስታለቅስ፣ የአስኮ ሰዎች ሲጠቋቆሙ፣ ብዙነሽም እንደ ልማዷ ምን ቸገረኝ ስትል ታየኝ። በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ያልተነካ ነገር ይድረሳት አልኩ። የአባዬን የጫማ ቀለም ከአልጋ ሥር አውጥቼ አራቱንም ጎማ ቀባሁ፣ መስመሮቹ ላይ ቀለሙን በጣቴ ጠቀጠቅሁና እስኪያበሩ ድረስ በጨርቅ አሸሁ። ጠፉ። አባዬ ሲያይ ደስ ብሎት እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ሞላው፣ ምን አየሽ ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም የለም አባዬ» አልኩት።

በማግስቱ ታደሰ መሪውን ያዘ፣ ብዙነሽም ቬሎዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። በእጇ ጠርታኝ ጉንጬን ሳመችኝና ጥፍሬን አይታ «እጅሽን ታጠቢ እንጂ» አለችኝ፤ የነገረችኝ የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እኛ በጭነት መኪና ላይ ተጭነን እየዘፈንን ተከተልናቸው። ወደ አስኮ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ እነሱ ከዓይናችን ተሰውረው ሳለ፣ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። በዚያ ዘመን ለሠርግ ጠመንጃ መተኮስ ያለ ነው፤ የወንድ ወገን ሊቀበለን ወጣ ብለው ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም እልል አልኩ። እልልታው ሳያልቅ ኩርባውን ስንዞር ቀይዋ መኪና ከመንገዱ በታች ሆዷን ወደ ሰማይ ሰጥታ ተገልብጣለች፤ የኋላ ግራው ተቀዷል፣ ሦስቱ ግን እንደቀባኋቸው ያበራሉ። ታደሰ ተፈናጥሮ ወድቆ ተረፈ። እሷ አልተረፈችም።

ዳሱ ሳይፈርስ ለቅሶ ተቀመጥንበት፣ ለሠርግ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶተኛ ተቀዳ። ጋሽ ሸምሱ መጥተው ከአባዬ ጎን ተቀመጡና ሦስቱን ቀን አይታችሁት ነበር ወይ ሲሉ በዝግታ ጠየቁ። አባዬ ልጄ አይታዋለች፣ ምንም አልነበረውም፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ አላቸው። ጋሽ ሸምሱ የገጠምኩት እኔ ነኝ ብለው እጃቸውን እያዩ አለቀሱ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ነበር፤ የጫማ ቀለም ከጥፍር ሥር ቶሎ አይለቅም። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣና ለቅሶ ያልገባበት ቤት ጠፋ፤ የእኛ ሐዘን ከሰው ሐዘን መሃል ገብቶ ተረሳ። ታደሰ እያነከሰ ጥቂት ዓመት ሲጠይቀን ቆይቶ ቀረ፣ እማዬም ልጇን ተከተለች። አባዬ ዳግመኛ መሪ አልያዘም፤ ሾፌርነቱን ትቶ ዘበኛ ሆነ፣ መኪና ላለመሳፈር ከኮልፌ ፒያሳ ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጎማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ ይላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለ፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ራት ባቀረብኩለት ቁጥር ዛሬስ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳህኑን አነሳሁ። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ እህትሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፣ ይቅር በዪኝ አለኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን ያው የጥንቱ ነው። «ምንም የለም አባዬ» አልኩት፣ እሱም አምኖኝ ሞተ።

ዳስ የተጣለበት ግቢ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፣ ጋሽ ሸምሱም ካረፉ ቆይተዋል፤ ብነግር የሚቆጣኝ፣ ብለምን የሚምረኝ ሰው አልቀረም። ልጁ አራቱን ጎማ ገጥሞ ሲጨርስ ጥቁር ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስና ስፖንጅ ይዞ መጣ፤ ጎማው እንዲያበራ ለደንበኛ ሁሉ የሚያደርጉት ነው። ከኋላ ግራው ጎማ ፊት ተንበርክኮ ሊቀባ ሲል እጁን ያዝኩት፤ አጥብቄ ይዤው ኖሮ ደነገጠ። «ተወው ልጄ፣ አትቀባው» አልኩት።

«በነፃ ነው እኮ ማዘር» አለኝ።