ታላቁን መሀል ያስገባው ትኬት

በዚህ ጉዳይ አምስት ሰዎች ነበርንበት። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ደባርቅ ተወልጄ ያረጀሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከቱሪስት ኋላ በቅሎ የነዳሁ፣ እንግሊዝኛን ከአስተማሪ ሳይሆን ፈረንጆች ድንኳን ውስጥ ጥለዋቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት የለቀምኩ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ የዳባት ልጅ፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ ግን አንድም ነገር የማያመልጣት። ሦስተኛው ካናዳ የሚኖረው ታላቁ ልጃችን ነው። አራተኛዋ አውስትራሊያ ያለችው ልጃችን፣ አምስተኛዋ ጀርመን ያለችው የመጨረሻዋ።

ልጆቹ ተመካክረው እኔንና እናታቸውን ሊጋብዙን ተነሡ። ሦስቱንም ካየናቸው ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። ቪዛው በስንት ልመና ከተገኘ በኋላ ትንሿ ልጄ ደወለችልኝ።

«አባባ፣ ለየአገሩ ትኬት ከምንገዛ ዓለሙን አዙሮ የሚመልሳችሁ አንድ ትኬት አለ። መንገዱን ግን እርስዎ ይምረጡ።»

የትኬቱን ደንብ በስልክ ላከችልኝ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በወረቀት አስወጣሁት። ሰው ያላነበበውን ውል መፈረም የለበትም፤ ልጆቼንም ያሳደግኩት ይህን እየነገርኩ ነው።

ክረምት ነበር። በክረምት ደባርቅ ጉም ነው፤ ቱሪስት የለም፣ በቅሎም ሥራ ትፈታለች። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ የገዛሁትን የዓለም ካርታ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ባለቤቴ ከጓዳ አንድ እፍኝ ገብስ ታመጣለች፤ በምናርፍበት ከተማ ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ እናስቀምጣለን። እኔ ደንቡን በአማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። ጉዞው በተጀመረበት አገር ያልቃል። አትላንቲክ አንድ ጊዜ፣ ፓስፊክም አንድ ጊዜ ብቻ ይታለፋል። በአንድ አህጉር ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻላል፤ ከአህጉር ወደ አህጉር ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም። ወደ ምሥራቅ የጀመረ ወደ ምሥራቅ እንደሄደ፣ ወደ ምዕራብ የጀመረም ወደ ምዕራብ እንደሄደ ይጨርሳል።

ባለቤቴ ጣቷን አውስትራሊያ ላይ አድርጋ፣ «ከዚህስ ወደ ካናዳ እንዴት ነው? ወረቀቱ እኮ አለቀ» አለችኝ።

ስለ ምድር ክብነት ላስረዳት ጉሮሮዬን ስጠርግ ካርታውን ብድግ አድርጋ፣ እንደ ሰሌን ጠቅልላ ሁለቱን ጫፍ አጋጠመችው። ገብሱ መሬት ላይ ተበተነ።

«በዚህ በኩል ነዋ!»

እየተሳሳቅን ገብሱን ለቀምን። በኋላ ብዙ አየር ማረፊያ አይቻለሁ፤ አንዱን ከሌላው ዛሬ መለየት ይቸግረኛል። ያ ጠዋት ግን ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ ጋር እስካሁን አብሮኝ አለ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ዘመድ ሊጠይቅ የተነሣ ሰው ከታላቅ ይጀምራል። የታላቅን ደጅ አልፎ ታናሽ ቤት መግባት ንቀት ነው። ትኬቱ ይህን አያውቅም። በምዕራብ ብንሄድ ጀርመን ትቀድማለች፣ በምሥራቅ ብንሄድ አውስትራሊያ። በየትም ብንዞር ታላቁ መሀል ላይ ይውላል።

አይሆንም አልኩ። ለሌላው ሰው ሥርዓት ነው እላለሁ፤ እውነተኛውን ምክንያት ግን እዚህ ልጻፈው። ታላቁ ልጄ ጎንደር ሲመረቅ አልነበርኩም። እኛ በቅሎ ጫኞች የምንሠራው በተራ ነው፤ ተራው ያለፈው ሰው እንደገና እስኪደርሰው ወር ሊቆይ ይችላል። በምረቃው ዋዜማ ተራዬ ደረሰ። እንግዶቹ ተራራውን በሳንቃበርና በጊች አድርገው ከአምባራስ በላይ የሚወጡ፣ ብዙ ቀን የሚያሠሩ ነበሩ። ተራዬን አልለቀቅኩም። የሁለቱን እኅቶቹን ምረቃ ግን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አየሁ። እሱ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ አይረሳም። አሁንም ታናናሾቹን ባስቀድም ይህ ልጅ ከእንግዲህ አባት አለኝ ይላል?

ጎንደር ወርጄ ትኬት ቢሮ ገባሁና፣ «መጀመሪያ ካናዳ ደርሰን እንመለስ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ እንሂድ» አልኩ።

ሠራተኛዋ ታጋሽ ልጅ ነበረች። «አባቴ፣ እንደሱ ከሆነ ይሄ ትኬት አይሆንም። ዋጋው እጥፍ ሊደርስ ነው። የያዝኩልዎም ዋጋ እስከ ዓርብ ብቻ ነው።»

አስቤ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እህል ሊጭን ቆመ፤ እኔም ደንቡን አውጥቼ የተረሳ ቀዳዳ ካለ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ቀዳዳ አልነበረውም።

ዓርብ አለፈ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ባለቤቴ፣ «ልጆችህ በቅሎ ናቸው እንዴ ተራ የምታስይዛቸው?»

«ሥርዓት ነው።»

«ሥርዓት ከሆነ ደውልና ለልጁ ንገረው! ፈርተህ ነው እንጂ። የጀርመኑ ቪዛ ሲቃጠል ሥርዓትህን ታቅፈህ ትቀመጣለህ።»

እውነቷን ነበር። እዚያው ፊቷ ደወልኩ። ለልጄ ደንቡን ውቅያኖስ በውቅያኖስ አስረዳሁት፣ መሀል የገባውም በንቀት እንዳልሆነ ነገርኩት።

«አባባ፣ እኔ እኮ የእርስዎን ተራ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። ታናሼ ጋ የምትቆዩባት ሦስት ሳምንት ምን አላት?» አለና ሳቀ።

ሳቁ ውስጥ ነገር ነበረበት። ድሮ ቢሆን እቆጣ ነበር።

«የተመረቅህ ጊዜ ተራዬን መልቀቅ ነበረብኝ» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ሃሎ?»

«አለሁ፣ አባባ። እማማ እየሰማች ነው?»

«እየሰማች ነው።»

«እንግዲያው ምስክር አለኝ። በጀርመን በኩል ኑ። እዚህ ስትደርሱ ግን ቶሎ እንሂድ እንዳትሉ።»

ሰኞ ጎንደር ስወርድ የሁለታችን ትኬት ከዘጠኝ ሺህ ዶላር በስምንት መቶ አርባ ጨምሮ ጠበቀኝ። ልጆቹ እንጨምራለን አሉ፤ እኔ ከለከልኩ። ያጠፋ ይክፈል እያልኩ ያሳደግኳቸው እኔው ነኝና በቅሎዬንና አንድ ወይፈን ሸጬ ጭማሪውን በብር ከፈልኩ። ሦስቱ ልጆች ሦስት ሦስት ሺህ አወጡ። ከእኔ እልህ ጋር ከሁላችንም የወጣው ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ዶላር ነው።