ቁም ሳጥን ውስጥ የተነፋ ሳክስፎን

ትናንት ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ያለው ቤቴ ሽንኩርት ስከትፍ ሬዲዮው ያንን ዝነኛ ኖርዌያዊ ሳክስፎን ነፊ አመጣው። ያንን የታፈነ ሳክስፎኑን ስሰማ የልጅነቴ ቁም ሳጥን ናፍታሊን ናፍታሊን ሸተተኝ።

ልጅ ሆኜ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ነበርን። አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲነፋ የኖረው አባዬ እዚህ ሳክስፎኑን ባነሳ ቁጥር የታችኛዋ ጎረቤታችን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ ድምፁ እንዲታፈን የሳክስፎኑን አፍ በጋቢውና በካፖርቶቻችን መሃል ወሽቆ ይነፋ ጀመር።

አንድ ቀን ያ ኖርዌያዊ ከአባዬ ሊማር ቤታችን መጣ። ያኔ ማንም የማያውቀው ወጣት ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀምጦ አዳመጠና፣ "ይህን ድምፅ ማን አስተማረህ?" አለው።

"ጎረቤቴ" አለ አባዬ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አባዬ አልሳቀም።

ሰውየው በዚያ ድምፅ ዓለምን ዞረ። አባዬ ባቡር ሲያጸዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ።

ሬዲዮ ላይ ያለችው ሴትዮ "የሰሜን በረዶ ድምፅ" ስትል ደሜ ፈላ። ምን በረዶ! የእኛ ካፖርት ነው። ዙሪክ ለአባዬ ደውዬ ስልኩን ወደ ሬዲዮው አስጠጋሁለት።

አባዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"ዛሬም ካፖርት ውስጥ ነው የሚነፋው" አለ። "እሱን ደግሞ ማን ከለከለው?"