ከጅራቱ የሚቆጠር

አባቴ በቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ። ሕመሙ በጸናባቸው ሰሞን ከንፋስ መውጫ የዓሣ ዘይት እንክብል ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ብልቃጡን ገፋ አድርገው፣ «ሁዳዴ አይደለም እንዴ ልጄ? ደግሞ ኦሜጋ ሦስት ይላል። አልፋውን የት አደረሳችሁት?» አሉኝ።

ኬሚስትሪን ብቻዬን፣ በስልኬ እያነበብኩ ነው የተማርኩት፤ እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የስብ አሲድ የካርቦን ሰንሰለት መሆኑን፣ የጅራቱ ካርቦን ኦሜጋ እንደሚባል፣ ከዚያ ሲቆጠር የመጀመሪያው ድርብ ቦንድ ሦስተኛው ካርቦን ላይ ስለሚገኝ ስሙ እንደወጣለት ነገርኳቸው። ተልባም ውስጥ እንዳለ ስጨምርላቸው «እሱማ የጾም ነው!» ብለው ሳቁ።

ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ በጠበጥኩላቸው። ጥቂት ተጎንጭተው ኩባያውን መለሱልኝ።

«ከመጨረሻው መቁጠር እናንተም ታውቁበታላችሁ ለካ» አሉ። «እኔም አሁን የምቆጥረው ከዚያው ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። እኔ ግን ሰንሰለቱ ከራስጌው በኩል ሲቆጠር ስሙ ሌላ እንደሚሆን ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸውም እንደ አዲስ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አደመጡኝ።

ትንሣኤን ሳያዩ አረፉ።