ጋደም

የጭነት መኪና ስምሪት ክፍል ሠራተኛዋ ልትፈታው የተነሣችው ችግር አንድ ነበር፦ ሹፌሮቿ በእረፍት ሰዓት አያርፉም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አራት ሰዓት ከነዱ በኋላ አቁሞ ማረፍ። ማቆሙንስ ያቆማሉ። ከዚያ ግን አንዱ ጎማ እየዞረ ይረግጣል፣ ሌላው መስታወት ይወለውላል፣ የቀሩት ወሬ ይሰልቃሉ። ሞተሩ ያርፋል እንጂ ሰውየው አያርፍም!

የባሱት ደግሞ የገዛ አጎቷ ናቸው። «ጉጉት» ይሏቸዋል፤ እንቅልፍ የሰነፍ ስንቅ ነው ባይ ናቸው። በቅርቡ በጠራራ ፀሐይ ዓይናቸው ተከደነና ከነተሳቢያቸው የሰው በቆሎ ውስጥ ገቡ።

«በቆሎው ነው መንገድ የገባብኝ» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ነገ በበቆሎው ፋንታ ገደል ቢሆንስ?

በየማቆሚያው እየደወለች ስትጨቀጭቃቸው ሰነበተችና አንድ ቀን እንደ ምንም አስተኛቻቸው። ወዲያው ሚስታቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ጋሼሽ የት ደረሰ?»

«ጋሼማ አርፈዋል፣ እትዬ!» አለች በደስታ።

ስልኩ ወደቀ። ቀጥሎ ጩኸት። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲላቀስ፣ ጉጉት ከእንቅልፋቸው ነቅተው ቤት ደወሉ።

«ምንድን ነው ጫጫታው? ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ ነሃ!»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቋንቋችን ለደከመውም ለሞተውም አንድ ቃል ሰጥቶናል። አክብሮት ሲታከልበትማ መርዶ ነው።

ጉጉት «ከእንግዲህ እረፍት የሚሉት ነገር በአጠገቤም እንዳያልፍ» ብለው ማሉ። እሷም ሌላ ቃል ፍለጋ ገባች። «ተኝተዋል» ስትል «የትኛው ሆስፒታል?» ተባለች። «ቆመዋል» ስትል መካኒኩ መፍቻውን ይዞ ብድግ አለ። «አሸልበዋል» ልትል አሰበችና ራሷ ደነገጠች፤ እሱም ያው መርዶ ነው!

ቃሉን ያገኘችው ከራሳቸው አፍ ነው። እሁድ ቤታቸው ብትሄድ ሶፋው ላይ ያንኮራፋሉ።

«ጋሼ፣ ተኝተው ነው?»

«ማን? እኔ? ጋደም ብዬ ነው እንጂ!»

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ጋደም ያለ ሰው አልሞተም፣ አልታመመም፣ ለእንቅልፍም እጁን አልሰጠም። በማግስቱ ወደ መንገድ ደወለች።

«ጋሼ፣ እረፍቱ ይቅርብዎ። እንዲያው ትንሽ ጋደም ይበሉ።»

«እሱስ ደግ» አሉ። ስልኩን ሳይዘጉት ኖሮ ማንኮራፋታቸው እስከ ቢሮው ተሰማ። ማታ ሲመለሱ ዓይናቸው ጠርቶ፣ «ዛሬ መንገዱን ማን አጠበው?» ብለው ጠየቁ።

አሁን ሹፌሩ ሁሉ ጋደም ይላል። የቀራት ጋደሙ ሲያበቃ የሚነገር ቃል ነው። ትናንት የጉጉት ሚስት ሲጠይቋት «አሁን ተነሥተዋል» ብትል፣ «ከሙታን?» አሏት እየሳቁ። ዛሬ «ጉጉት ነቅተዋል» ብላ ሞከረች። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሹፌሮች ክው ብለው ተያዩ።

«ጋደሙ ያው እረፍት መሆኑን ማን ነገራቸው?» አለ አንዱ።

እርሳሷን እየነከሰች ሌላ ቃል ታስባለች።