የልብ ምት የሚናገር ሸሚዝ

ባለፈው ኅዳር ከሰቆጣ ወደ ደሃና የተነሣሁት የባለቤቴን ኮት በፌስታል ይዤ ነው። ወደ ግንባር ሲሄድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ባለው ምስማር ሰቅሎት የሄደው ቡናማ ኮት ነው። አብሮት የዘመተ ጓደኛው ሲወድቅ ማየቱን ነግሮኛል፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። እንዲህ ሲሆን በእኛ ዘንድ ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀሳል። እናቱ ግን እምቢ አሉ። ያለ እርሳቸው ፈቃድ ለቅሶ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ጥቁር ሳልለብስ፣ ሰው ፊት ሳላለቅስ መኖርም ከበደኝ። ፊት ለፊት ልለምናቸው ቆረጥኩ።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሰውና ጆንያ ጠቅጥቆ ኮረኮንቹን ተያያዘው። ከጎኔ የተቀመጠው፣ ከሳውዲ የተመለሰ ወጣት፣ በስልኩ ቪዲዮ ያሳየን ጀመር። ለወደፊት ወታደሮች ስለሚሠራ ትጥቅ ነበር፦ በጨለማ የሚያይ መነጽር፣ የለበሰው ሰው የት እንዳለና ልቡ እንዴት እንደሚመታ ለአዛዡ የሚናገር ሸሚዝ።

«ባትሪው ሲያልቅበትሳ?» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ቻርጅ ያደርገዋላ፣ አባባ!»

«በእኛ አገር? መብራት እስኪመጣ ጦርነቱ አልቆ፣ ታርቀን፣ ልጅ ለልጅ ተጋብተን ነው!»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ባለቤቴ ያ ሸሚዝ ቢኖረው የት እንደወደቀ አውቅ ነበር። ሄጄ አፈሩን እነካው ነበር። መነጽሩ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። በጨለማ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቆ የሚታየውም የአንዲት ሴት ባል ነው። ሸሚዙን ተመኘሁ፣ መነጽሩን ፈራሁ፤ ሁለቱን የሚለብሰው ግን አንድ ሰው ነው።

ቁልቁለቱ

የደሃና ከተማ አምደወርቅ ላይ ወርጄ ሽሮ በላሁና በእግሬ ቀጠልኩ። ገብሱ ታጭዷል፤ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። እንደተጋባን በዚህ ቁልቁለት እሱ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ዞሮ ሳያይ «አለሽ?» ይለኛል። «አለሁ» እለዋለሁ። ዛሬም ጆሮዬ ያንን ቃል ሲጠብቅ ከታች ያለው የአማቴ መንደር ደረስኩ።

አማቴ ደጅ ላይ ገብስ ያበጥራሉ። ስመውኝ፣ በሶ በጥብጠው ካጠጡኝ በኋላ ኮቱን አወጣሁ። አገላብጠው አሸተቱት። እንዲገባቸው ብዬ የሸሚዙን ነገር አነሣሁ።

«እማዬ፣ ልጅዎ ያ ሸሚዝ ቢኖረው ዛሬ ይኼን ሁሉ አንከራከርም ነበር።»

«ምን ይላል ሸሚዙ?»

«ልቡ ሲቆም ይናገራል።»

«ለማን?»

«ለአለቃው።»

«ከእናቱ በፊት አለቃው ሊሰማ? እንኳን አልለበሰው!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ የት እንዳለ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። እኔ አለ ማለት እፈልጋለሁ። ይቺን ቃል ከወሰድሽብኝ በምን ልኑር ልጄ?»

ኮቱን እጃቸው ላይ ተውኩት። በማግሥቱ ለመንገድ ስነሣ ኮቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ውሰጂው። ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው።»

ሰቆጣ

ገና በሩን ስከፍት ጎረቤቴ «ለቅሶው መቼ ሆነ?» አለችኝ።

«እናቱ ሲፈቅዱ» አልኳት።

ሸሚዙን ለሚዘምቱት ልጆች ዛሬም እመኛለሁ፤ የቆሰለውን ቶሎ ያስገኛል። ግን አለማወቋ የሚያኖራት እናት መኖሯን ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው። ኮቱን አራግፌ ምስማሩ ላይ መለስኩት። የታኅሣሥ ብርድ ሊገባ ነበር፤ ቢመጣ ይለብሰዋል ብዬ።