ጥቁሩ ፔጆ በግቢያችን የዋለበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አንድ የመኪና እጥበት ቤት ተቀምጬ መኪናዬ እስክትታጠብ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የቆመችውን ጥቁር መኪና በጨርቅ እያዞረ የሚያሽ ወጣት ከከፈተው ቆርቆሮ የወጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቤንዚን ሽታ አይደለም፣ የቀለምም አይደለም፤ ሰምና ሳሙና ላይ ትንሽ የበሰለ ሙዝ የተጨመረበት የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ነው። ሌሎቹ ደንበኞች ስልካቸውን እየነካኩ ሲጠብቁ እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቆርቆሮው ላይ አፈጠጥኩ። ወጣቱ አይቶኝ ኖሮ «እትዬ፣ ደህና ኖት?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ አባቴ መኪና ቀቢ ነበር» አልኩት። መልሴ ከጥያቄው ጋር ምን እንዳገናኘው ስላልገባው ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አባቴ ተካ ቤታችን ግቢ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ንፋስ ስልክ ያኔ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ሲሉ ጭቃና ባሕር ዛፍ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ የሞላባቸው ጀሞና ለቡም ጤፍና ሽንብራ የሚዘራባቸው የሩቅ ማሳዎች ነበሩ። በግቢያችን ጥግ ቆርቆሮ የለበሰች፣ ግድግዳዋ በላስቲክ የተጋረደ፣ አንድ መኪና ብቻ የምትይዝ ክፍል ነበረች፤ «ቀለም ቤት» እንላታለን። ከዚያች ክፍል የወጣ መኪና ሁሉ ለጥቂት ቀናት የቤታችን መስታወት ይሆን ነበር። እናቴ ገበያ ስትሄድ ሻሿን የምታስተካክለው በመኪና በር ላይ ነው። የጎረቤታችን ሙክት ደግሞ አንድ ጊዜ በራሱ መልክ ተናድዶ የአንድ ነጋዴ ቮልስዋገን በቀንዱ ወግቶ፣ አባቴን ሳምንት ሙሉ እንደ አዲስ አሠርቶታል።

አባቴ ሙያውን የተማረው ከአንድ አርመናዊ ባለጋራዥ ነው። ሰውየው ጋራዡ ተወርሶ ከአገር ሲወጣ ጥቂት ቆርቆሮ የማንጸባረቂያ ቅባት ለአባቴ ትቶለት ነበር። አባቴ እንደ ጠበል ይቆጥበዋል። ፖሊሹ ሻካራውን ከቀለሙ ላይ ይልጣል፤ ይሄኛው ቅባት ግን ምንም አይልጥም፣ ፖሊሹ ትቶት የሄደውን የፀጉር ያህል ቀጭን ጭረት ሞልቶ ቀለሙን ውኃ ያስመስለዋል። በጥቁር መኪና ላይ ያለ እሱ አይሆንም፣ ጥቁር ቀለም ምንም አይደብቅምና። በእጀታዎቹና በመብራቶቹ ዙሪያ የአዋቂ ጣት ስለማይገባ እዚያ እዚያ የምቀባው እኔ ነበርኩ፤ በዚህም ትምህርት ቤት ድረስ እኮራ ነበር።

በዚያ ክረምት፣ ደርግ የውጊያውን ግንባር የሚሞላ ወጣት አጥቶ ከመንገድም ከቤትም ማፈስ በጀመረበት ዘመን፣ ከቀበሌዎች በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣ ጓድ መርዕድ የሚባል ካድሬ ጥቁር ፔጆውን አባቴ ዘንድ አመጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። በሰፈሩ ሲያልፍ ሰው የጀመረውን ወሬ ይውጣል። አባቴ እምቢ ማለት ስላልቻለ በዚያ ሁሉ ዝናብ ቀለሙን ረጨው፤ የፈራው አልቀረም፣ ቀለሙ በእርጥብ አየር ደርቆ ወተት እንደ ተደፋበት ነጣ። ሰውየው መጥቶ ሲያየው አልጮኸም። ጣቱን በኮፈኑ ላይ አስኪዶ ጣቱን አየና «ጓድ ተካ፣ ነገ እንግዳ እቀበልበታለሁ። ዛሬ ከሰዓት እወስደዋለሁ። እስከዚያ ካላማረ ይሄ የሥራ ጉድለት ነው ወይስ አሻጥር፣ ሌላ ቦታ እንነጋገራለን» ብሎ ሄደ። አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ሰው ያስበላ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ወንድሜ ዳዊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ቀን ቀን ቀለም ቤት ውስጥ፣ ከላስቲኩ ጀርባ፣ በቲነር ጣሳዎች መካከል ይውላል። ፈታሾች ሽታውን ጠልተው አይገቡም የሚል የእናቴ ሐሳብ ነበር። ጓድ መርዕድ በር ላይ ቆሞ አሻጥር ሲል ዳዊትን ከእሱ የሚለየው አንድ ላስቲክ ብቻ ነበር።

ፀሐይ ብልጭ ስትል መኪናውን ገፍተን አወጣነው። አባቴ የነጣውን በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀትና በሳሙና ውኃ እያለዘበ አነሣ፣ በፖሊሽ ደገመው፤ ጥቁሩ ብቅ ሲል እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግን ጭረቱ የሸረሪት ድር መስሎ ይታያል። የመጨረሻዋን ቆርቆሮ ከፈተና ለስላሳ ጨርቅ ጠየቀ። በቤቱ ያለ ጨርቅ ሁሉ ቀለም ነክቶታል። እናቴ ገባ ብላ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን፣ በእጥበት ብዛት የለሰለሰ ነጠላዋን ይዛ ወጣችና ለሁለት ቀደደችው።

ገና ኮፈኑን እንደጨረስን ጓድ መርዕድ ከተናገረው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ቆሞ ይጠብቃል ብለን ስናስብ በርጩማ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ የተቀመጠውም ፀሐዩን ሸሽቶ ቀለም ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ጀርባውን ለላስቲኩ ሰጥቶ ነበር። አባቴ እጁን ከበሩ ላይ አላነሣም፤ እያዞረ፣ እያዞረ ያሻል፣ ላቡ ግን ቅባቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክርኑ ይጠርገዋል። እኔ በመብራቱ ዙሪያ በጣቴ እቀባለሁ። በጥቁሩ በር ላይ የሰውየውን ካኪ ልብስና ከኋላው የሚንቀሳቀሰውን ላስቲክ አያለሁ። ላስቲኩ የሚንቀሳቀሰው በነፋስ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከዚያ ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ በአፍ ላይ በተጫነ እጅ የታፈነ።

እናቴ ወዲያው ሳለች። «ይሄ ጉንፋን!» አለች፣ ደግማ ሳለች። ከጀርባው እንደገና ሲሳል እኔም ቀጠልኩ፣ አባቴም ቀጠለ፤ ሦስታችን መኪናውን ከብበን እየተቀባበልን ሳልን። ዛሬ ሳስበው ያስቃል። ጓድ መርዕድ አንድ በአንድ አየን። አንገቱን ወደ ላስቲኩ ግማሽ ድረስ አዙሮ መለሰው። ከዚያ እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ እስክንጨርስ ድረስ መሬት መሬት አየ።

አባቴ ደረቁን ቅባት በነጠላው ቁራጭ ሲወለውለው ፔጆው እንደ ጉድጓድ ውኃ ጠቆረ፤ ደመናው፣ ባሕር ዛፉ፣ የሁላችንም ፊት ገባበት። ሰውየው ተነሥቶ ዞረው። በበሩ ላይ ቆቡን አስተካከለ። አባቴን ጠጋ ብሎ፣ ሁልጊዜ ጓድ ሲለው የነበረውን፣ «ጋሼ» አለው፣ «እዚያ ቲነር ውስጥ የሚውል ሰው ይሞታል። አየር ያግኝ። ነገ ማለዳ አፈሳውን በዚህ ሰፈር ከላይ በኩል ይጀምራሉ።» ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ዳዊት ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ትውከቱ እየመጣ ነበር። እናቴ «ወጥመድ ነው፣ መንገድ ላይ ሊያስይዘው ነው» አለች። አባቴ «ወጥመድ ቢሆን ላስቲኩን ይገልጠው ነበር» አላት። በዚያው አመሻሽ የእናቴ ወንድም ዕቃ ወደሚያመላልስበት የጭነት መኪና ወሰድነው፤ የጫኝ ልብስ ለብሶ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ወደ ቡታጅራ ሄደ።

እናቴ ከዚያ ስትመለስ ልታስጠነቅቃት ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ታጠፈች። እትዬ ዘነበች ከላይ በኩል ሁለተኛው አጥር ውስጥ አንድ ልጇን ሰለሞንን ይዛ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሰለሞንና ዳዊት በአንድ ወንበር ነው የተማሩት። አባቴ እናቴን ክንዷን ያዛት። «ከማን ሰማሽ ቢሉሽስ? ዛሬ እዚህ የዋለው እሱ ብቻ ነው። እሱን ይበሉታል፣ ከእሱ ቀጥሎ እኛን» አላት። እናቴ መንገዱ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ቤት ገባን። ማለዳ ሰለሞንን ከአልጋው አንሥተው ወሰዱት። ከግንባር አልተመለሰም።

መንግሥት ሲለወጥ ጓድ መርዕድ ታሰረ። አባቴ እሁድ እሁድ ምሳ ቋጥሮ ይወስድለት ጀመር። ሰፈሩ አኮረፈው፤ ልጆቻቸውን የተነጠቁ ሰላምታውን አይመልሱም፣ አይፈረድባቸውም። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ደጃችን ላይ ጠብቃ አስቆመችው። ምሳውን የቋጠረበትን ሳህን አየችና «ተካ፣ ያን ጊዜ ነግሮህ ነበር?» አለችው። አባቴ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ሰውየው ታስሯል፣ ሌላ የሚያውቅም የለም። «ነግሮኛል» አላት። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፣ ከዚያ ወዲያ ቤታችን አልረገጠችም። አባቴም ከዚያ በኋላ ከእሷ ደጃፍ ላለማለፍ ሲል፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ፣ በታችኛው መንገድ ነበር የሚዞረው።

ዳዊት ትምህርቱን ሳይጨርስ ቡታጅራ ቀረ፤ ሱቅ ከፈተ፣ ወለደ፣ ፀጉሩ ሸበተ። አባታችንን ልንቀብር ሲመጣ እንኳ ከቀብሩ በቀር ከግቢ ሳይወጣ ሠልስቱን ውሎ ተመለሰ። ስንደዋወል ከልጆቼ ደኅንነት ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «እትዬ ዘነበች አለች?» ብሎ ነበር። «አለች» እለው ነበር። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ እሱ ሳይጠይቀኝ ደወልኩና አረፈች አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ደረሰ። ከዕድሩ ሰዎች ማንም አላወቀውም፣ ሽማግሌ ሆኗል። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ከፊት፣ በራስጌው በኩል፣ ልጅ ካለ ልጅ በሚይዘው ቦታ ገባና ትከሻውን ሰጠ። ዳገቱ ላይ ትንፋሹ ሲያጥር አብረውት የተሸከሙት ወጣቶች «አባት፣ ተራ እንቀበልዎት» እያሉ ለመኑት። ራሱን ነቀነቀ። እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ ለማንም አልሰጠም።